«መዝቀጥ» ብቻውን አይበቃም፦ ከጋዝና ከፈሳሽ ስለሚወለዱ ክሪስታሎች አሰያየም

በጠራ የኖራ ውሃ ውስጥ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሲነፋ ውሃው ወዲያው ወተት ይመስላል፤ ጥቂት ሲቆይም ነጭ ዱቄት ወደ ታች ይወርዳል። ይህን ሁሉ «መዝቀጥ» በሚለው አንድ ቃል መጠቅለል ለተርጓሚ ይቀልለዋል። ይሁን እንጂ የወንዝ ደለልም ይዘቅጣል፤ ደለሉ ግን ከመዝቀጡ በፊትም ጠጣር ነበረ። የኖራው ውሃ ዱቄት፣ ይኸውም ካልሲየም ካርቦኔት፣ ከአጸግብሮቱ በፊት ጨርሶ አልነበረም። ሂደቱን በሒሳባዊ ሞዴል የሚገልጽ ሰው ለየደረጃው የየራሱን ቀመር ይጽፋል፤ ቃሉ አንድ ከሆነ የትኛው ፍጥነት እንደተነገረ አንባቢው ሊለይ አይችልም።

በመጀመሪያ ጋዙ ከአረፋው ወደ ፈሳሹ ይሻገራል። ይህን «የቁስ ሽግግር» ብንለው ከ«ሙቀት ሽግግር» ጋር ይስማማል። ፍጥነቱም በድንበሩና በፈሳሹ መካከል ያለው የጋዝ ክምችት ልዩነት በሽግግሩ አባዢና በንክኪው ስፋት ተባዝቶ ይገኛል። ዊትማን በ1923 እ.ኤ.አ. ባቀረበው ሐሳብ መሠረት ለሽግግሩ ዕንቅፋት የሚሆነው ሁሉ ከድንበሩ ወዲህና ወዲያ ባሉ ሁለት ስስ ንብሮች ውስጥ ይገኛል። እዚህ ላይ «ስልባቦት» የሚለው ቃል አጓጉቶን ነበር። ነገር ግን ስልባቦት በማንኪያ የሚገፈፍ ነገር ነው፤ የዊትማን ንብር ግን ለስሌት ሲባል የታሰበ እንጂ ከፈሳሹ የተለየ አካል የለውም። ስለዚህ «ስስ ንብር» ይሻላል።

ከዚያም ሙሙቱ ሊሸከም ከሚችለው በላይ ካልሲየም ካርቦኔት ሲይዝ የመጀመሪያዎቹ ደቂቅ ክሪስታሎች ይፈጠራሉ። ሁኔታውን «ከልክ ያለፈ ሙሌት» እንለዋለን፤ «ጥጋብ» የሰው ጠባይ ያስታውሳልና አልወደድነውም። ለክሪስታሎቹ መፈጠር ግን «ጥንሰሳ»ን እንመርጣለን፤ ጥንስስ ገና ያልደረሰ ነገር መጀመሪያ ነው። ባለሙያው ቀድሞ ያዘጋጀውን ክሪስታል ከውጭ ቢጨምር ያ ጥንስስ ሳይሆን «እርሾ» ይባል። ቀጥሎ «እድገት» ይመጣል፤ «መዝቀጥ» ለመጨረሻው መውረድ ብቻ ይቀመጣል።

አጸግብሮቱ እጅግ ፈጣን ሲሆን ጋዙ ስስ ንብሩን ሳያልፍ ስለሚያልቅ ጥንሰሳው ከአረፋው አጠገብ ሊካሄድ ይችላል። «መዝቀጥ» ብሎ የተረጎመ ሰው አንባቢውን ወደ ዕቃው ሥር እንዲመለከት ይልከዋል። ጋዙ መነፋቱን ከቀጠለ ደግሞ ዱቄቱ ወደ ካልሲየም ባይካርቦኔት ተለውጦ ይሟሟል፤ ከታች ሳይደርስ የጠፋውን ክሪስታል «ዝቃጭ» የምንልበት ምክንያት አይታየንም።