ሰንጢ ለልጅ ይሰጣል?

ሃያ ሦስት ሰንጢዎች አሉኝ። የሚቀመጡት በአንድ አሮጌ የብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ ነው፤ ቆርቆሮው ደግሞ ልጅ በማይደርስበት የቁም ሣጥን አናት ላይ። በወር አንድ ጊዜ፣ ብዙውን ጊዜ እሑድ ከሰዓት በኋላ፣ አወርደውና ጠረጴዛው ላይ ጋዜጣ አነጥፋለሁ። ከዚያ አንድ በአንድ እየከፈትኩ እጠርጋቸዋለሁ፣ ዘይት የጎደላቸውን ዘይት እቀባለሁ። ባለቤቴ «ሽማግሌው ልጆቹን ሊያጥብ ነው» እያለች ትስቅብኛለች።

ባለፈው ክረምት አሥር ዓመት የሞላው የልጅ ልጄ አጠገቤ ተቀምጦ ሥራዬን ዝም ብሎ ሲያይ ቆየና፣ «አባባ፣ አንዱን ትሰጠኛለህ?» አለኝ። እኔ መልስ ሳልሰጥ እናቱ ከማድ ቤት ብቅ አለች። «አባዬ፣ እንዳትሞክረው! የጎረቤታችንን ልጅ በሰንጢ እጁን ወግተው ስልኩን ከቀሙት ገና ሁለት ወሩ ነው። አንተ ለልጄ ሰንጢ ልትሰጥ ነው?»

ዝም አልኩ። እውነቷን ነበር። ዛሬ በከተማችን ሰንጢ ሲባል የሰው ልብ የሚሄደው ወደ ጸብና ዘረፋ ነው። እኔ ባደግኩበት ገጠር ግን ሰንጢ የአባቶች የኪስ ዕቃ ነበረች። ሸንኮራ ይላጥባታል፣ መፋቂያ ይቀረጽባታል፣ ገመድ ይቆረጥባታል፣ እግር የገባ እሾህ ይወጣባታል። ዕቃዋ ያችው ናት፤ የተለወጠው የሚይዛት እጅ ነው። ልጁ ያንን እጅ ከማን ይማር? ያን ቀን ማታ እንቅልፍ የነሳኝ ይኸ ጥያቄ ነው።

ስብስቤ የተጀመረው በአባቴ ሰንጢ ነው። አባቴ ሲያርፍ ለእኔ የደረሰችኝ እሷ ናት፤ እጀታዋ ቀንድ፣ ብረቷ ከዕድሜ ብዛት የጠቆረ። ስለቷ ደንዝዞ ስለነበር «ላሳምራት» ብዬ ወደ አንድ የብረታ ብረት ሥራ ቤት ወሰድኳት። ወጣቱ ሠራተኛ ግራይንደሩን አስነስቶ አስነካት። ፍንጣሪው ሲበተን እያየሁ ደስ ብሎኝ ነበር። ሰንጢዋ እንደ መስታወት አብረቅርቃ ተመለሰችልኝ፤ ስለቷ ዳር ዳር ላይ ግን ሰማያዊ ቀለም ነበረባት። በማግሥቱ ሦስት ብርቱካን ላጥኩባትና ደነዘዘች። ደግሜ ሳልኳት፣ ደግማ ደነዘዘች።

ነገሩ የገባኝ ዘግይቶ ነው። የሰንጢ ብረት ሲሠራ በእሳት ግሎ፣ በድንገት ቀዝቅዞ፣ ከዚያም በልክ እንደገና ሞቆ ነው ጥንካሬውን የሚያገኘው። ግራይንደር ቀጭኑን ጠርዝ በሰከንዶች ውስጥ ያግለዋል። ያ ሰማያዊ ቀለም የሚመጣው ብረቱ 300 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ሲደርስ ነው፤ ያን ጊዜ ጠርዙ ጥንካሬውን ያጣል። አባቴ ዕድሜ ልኩን በወንዝ ድንጋይ እየሳለ ያቆያትን እኔ በአንድ ደቂቃ አበላሸኋት። ወጣቱን ሠራተኛ አልወቅሰውም፤ የወሰድኳት እኔ ነኝ።

ከዚያ በኋላ ስለ ሰንጢ ማወቅ ፈለግኩ። ለማወቅ ደግሞ መግዛት ጀመርኩ።

ከሃያ ሦስቱ አሥራ አራቱ ርካሽ ናቸው። አብዛኞቹን ያገኘኋቸው መርካቶ ነው፤ አንዳንዶቹን ምናለሽ ተራ ውስጥ ከአሮጌ ቁልፍና ከተሰበረ መቀስ ጋር ተቀላቅለው። ርካሽ ሁሉ መጥፎ አይደለም፤ ግን ፈትሾ መግዛት ያስፈልጋል። እኔ አራት ነገር አያለሁ። አንደኛ፣ ሰንጢውን ከፍቼ ብረቱን ወደ ግራና ወደ ቀኝ እነቀንቀዋለሁ፤ የሚወዛወዝ ከሆነ አልገዛም። ሁለተኛ፣ ስዘጋው ጫፉ እጀታው ውስጥ ሙሉ በሙሉ መግባት አለበት፤ ብቅ ያለ ጫፍ ኪስም ጣትም ይወጋል። ሦስተኛ፣ ከፍቼ የብረቱን ጀርባ በጠረጴዛ ጠርዝ ላይ ቀስ ብዬ እጫነዋለሁ፤ ጣቴ ግን ስለቱ በሚታጠፍበት መንገድ ላይ አይሆንም። ሞላው ወይም መቆለፊያው በትንሽ ግፊት ከለቀቀ፣ ነገ ጣት ላይ ይዘጋል። አራተኛ፣ ለመክፈት ጥፍር የሚነቅል ከሆነ ለልጅም ለሽማግሌም አይሆንም።

ከሁሉ የሚያታልለው ብዙ መሣሪያ የተጨናነቀበት ርካሽ ሰንጢ ነው። አንድ ጊዜ ኮምፓስ፣ ባትሪ፣ መጋዝና ማንኪያ ሳይቀር የተገጠመለት ገዛሁ። የመጀመሪያውን የቲማቲም ቆርቆሮ ስከፍት መክፈቻው ተጣመመ፤ ኮምፓሱም ሰሜንን የሚያሳየው ሲፈልግ ብቻ ነበር። አንድ ስለት ብቻ ያለው ርካሽ ሰንጢ ግን፣ ብረቱ ጥሩ ከሆነ፣ ብዙ ዓመት ያገለግላል።

ጥሩ ከሚባሉት መካከል በጣም የምወዳት ቀይዋ የስዊዘርላንድ ሰንጢ ናት። እዚያ የምትኖር የእህቴ ልጅ ናት ያመጣችልኝ። መጀመሪያ የገዛችውን በእጅ ቦርሳዋ ይዛ አውሮፕላን ልትሳፈር ስትል በፍተሻ ተወሰደባት፤ በሚቀጥለው ዓመት ሌላ ገዝታ ከሚጫነው ሻንጣ ጋር ላከችው። ከውጭ ዘመድ የምትጠብቁ ይህን አስቀድማችሁ ንገሯቸው።

የዚህች ሰንጢ ታሪክ የቤተሰብ ታሪክ ነው። ካርል ኤልስነር የተባለ ቢላ ሠሪ እ.ኤ.አ. በ1884 ኢባክ በምትባል የስዊዘርላንድ መንደር ሥራ ቤቱን ከፈተ። የአገሩ ጦር የመጀመሪያ ሰንጢዎቹን ያሠራው ጀርመን ውስጥ፣ ዞሊንገን ከተማ ነበር፤ ኤልስነር በ1891 ማቅረብ ጀመረ። ወታደሩ በዚያች ሰንጢ ጠመንጃውን ይፈታ፣ የታሸገ ምግቡን ይከፍት ነበር። በ1897 ደግሞ ለመኮንኖች ቀለል ያለችውን፣ የቡሽ መንቀያ ያላትን ሠራ። በ1909 እናቱ ቪክቶሪያ ስታርፍ ስሟን ለዕቃው ሰጠ። በ1921 የማይዝግ ብረት መጠቀም ሲጀመር፣ ፈረንሳዮች የማይዝግ ብረትን የሚጠሩበት «ኢኖክስ» የሚለው ቃል ተጨመረበትና «ቪክቶሪኖክስ» ሆነ። እንግዲህ ያቺን ሰንጢ የያዘ ሁሉ የአንዲት እናት ስም በኪሱ ይዞ ይዞራል።

ሁለተኛዋ የፈረንሳይ ኦፒኔል ናት። ጆሴፍ ኦፒኔል እ.ኤ.አ. በ1890 በሳቮይ ተራሮች አካባቢ የሠራት የገበሬ ሰንጢ ናት፤ እጀታዋ እንጨት፣ ስለቷ አንድ ብቻ። በ1955 ሲዞር ብረቱን የሚቆልፍ የብረት ቀለበት ተጨመረላት፤ በመሐል ሥራ ጣት ላይ እንዳትዘጋ። ይህች ሰንጢ በአውሮፓ ከርካሾቹ የምትመደብ ናት። ስትቆርጥ ግን ብዙ እጥፍ ዋጋ ካላቸው አታንስም። ውድና ርካሽ ማለት ጥሩና መጥፎ ማለት እንዳልሆነ ያሳየችኝ እሷ ናት።

ለማንኛውም ሰንጢ፣ ለውዱም ለርካሹም፣ እንክብካቤው አንድ ነው። ብርቱካን ወይም ሎሚ ከተቆረጠበት ወዲያው ታጥቦ መድረቅ አለበት፤ አሲዱ ብረት ይበላል። «የማይዝግ» የተባለውም እርጥቡን ከታጠፈ መታጠፊያው ውስጥ ይዝጋል። የእንጨት እጀታ ያለው ውኃ ውስጥ አይዘፈዘፍም፤ እንጨቱ ያብጥና ብረቱ አልከፈት ይላል። የቆየ ካርቦን ያለው ብረት ግራጫ ወይም ጥቁር ቢሆን አትደንግጡ፤ እሱ የዕድሜ ቀለም ነው፣ ከባሰ ዝገት ይከላከላል። ቀዩና የሚፈረፈረው ግን መወገድ ያለበት ዝገት ነው። መታጠፊያው ላይ አንድ ጠብታ የስፌት መኪና ዘይት ይበቃል። የምግብ ዘይት አትጠቀሙ፤ ሲቆይ እንደ ሙጫ ይጣበቃል፣ አቧራም ይሰበስባል። ምግብ ከመቁረጣችሁ በፊት ብረቱን አጥቡት።

ስለቱን ለመሳል ሁለት ፊት ያለው መሳያ ድንጋይ በቂ ነው፤ አንዱ ሻካራ፣ ሌላው ለስላሳ። ድንጋዩ በውኃ ይርሳል፤ ከሥሩ እርጥብ ጨርቅ ይነጠፍለታል፣ እንዳይንሸራተት። ከዚያ የሰንጢው ጀርባ ከድንጋዩ ትንሽ ብድግ ይላል። የጣት ውፍረት ያህል፣ አንድ ሴንቲ ሜትር ተኩል፣ ስፋት ላለው ብረት አምስት ሚሊ ሜትር ገደማ ይበቃል። ከድንጋዩ ላይ ስስ ቅርፊት እንደሚላጥ ሁሉ ወደፊት ይገፋል፤ ያንን ከፍታ ሳይለቁ፣ ሳይቸኩሉ። አንዱ ፊት በደንብ ሲሳል በተቃራኒው ፊት ጠርዝ ላይ ጥፍር የሚይዝ ሻካራ ነገር ይሰማል። ያኔ ይገለበጣል። በመጨረሻ በለስላሳው ድንጋይ፣ ቀጥሎም በአሮጌ የቆዳ ቀበቶ ላይ ወደ ኋላ፣ በጀርባው አቅጣጫ እየተጎተተ ይወለወላል። መሳሉ የሚፈተነው በአውራ ጣት አይደለም፤ በወረቀት ነው።

የአባቴንም ሰንጢ ያዳንኳት እንዲሁ ነው። ሰማያዊው ክፍል ተፍቆ እስኪያልቅ፣ በየእሑዱ ጥቂት ጥቂት እያልኩ፣ ከዓመት በላይ ፈጀብኝ። ብረቷ ሳስታለች፤ ግን ዛሬ ትቆርጣለች።

ወደ ልጁ ልመለስ። ከሦስት ቀን በኋላ ልጄን ቁጭ አድርጌ ግራ እጄን አሳየኋት። ሌባ ጣቴ ላይ የስምንት ዓመት ልጅ ሳለሁ የተቆረጥኩት ጠባሳ አለ። የቆረጠኝ የደነዘ ቢላ ነው። ስለት ሲደነዝዝ ልጅ በኃይል ይገፋል፤ ሲያመልጠው ጣቱን ያገኘዋል። «ቢላ አታስነኪው ብትይ፣ አንቺ በሌለሽበት የማድ ቤቱን ደነዝ ያነሳል» አልኳት። አልተስማማችም። ግን «እስኪ እንዴት አድርገህ ነው የምታስተምረው?» አለች።

መጀመሪያ የተስማማነው ሰንጢው ከቤት እንደማይወጣ ነው። ለትምህርት ቤትም፣ ለጨዋታም፣ ለሰፈርም አይሆንም። የሚቀመጠው እኔው ዘንድ፣ ቆርቆሮው ውስጥ ነው። ያን ፍርሃቷን መናቅ አልፈለግኩም።

የመጀመሪያውን አንድ ወር ልጁ ምንም አልቆረጠም። የሠራው ማጽዳት፣ ማድረቅና ዘይት መቀባት ብቻ ነው። ሰለቸው፤ ሁለት ጊዜ ጥሎኝ ሄደ፤ ተመለሰ። በሁለተኛው ወር ድንጋዩ ላይ መሳል ጀመረ። በሦስተኛው መፋቂያ መቅረጽ። ሕጎቹም ጥቂት ናቸው። ተቀምጦ ይቆረጣል፣ ቆሞ አይደለም። ስለቱ ከሰውነት ወደ ውጭ ይሄዳል። ሌላ ሰው ክንድ በማይደርስበት ርቀት ይሆናል። ሰንጢ ብሎን መፍቻ አይደለም። ሲዘጋ ጣቶች ከስንጥቁ ላይ ይነሳሉ። የመጨረሻው ከእናቴ የወረስኩት ነው፤ ስለት ከእጅ ወደ እጅ አይሰጥም፣ ያጣላል ትል ነበር። ጠረጴዛ ላይ ይቀመጣል፣ ሌላው ከዚያ ያነሳል። ቢያጣላም ባያጣላም፣ እጅ እንደማያቆስል እርግጠኛ ነኝ።

በዕድሜ ከእሱ ለሚያንሱ ልጆች ጫፋቸው ክብ የሆነ ሰንጢዎች አሉ፤ የስዊዘርላንዱም የፈረንሳዩም ድርጅት ለልጆች ብለው ይሠሯቸዋል። እንዲህ ያለ ማግኘት ለማይችል፣ አያት አጠገብ ተቀምጦ መመልከት ራሱ መጀመሪያ ነው።

አልተቆረጠም አልልም። በአራተኛው ወር ሲዘጋ ጣቱን ነካው። ደሙን ሳይ ከእሱ ይልቅ የደነገጥኩት እኔ ነኝ። በንጹሕ ጨርቅ ተጭነን ያዝነው፤ ሲቆም በውኃና በሳሙና አጠብነው፣ ፕላስተር ለጠፍንለት። ጥልቅ ቢሆን ወይም ደሙ ባይቆም ኖሮ ወደ ጤና ጣቢያ ነበር የምንሮጠው። ለእናቱ የነገራት ራሱ ነው፤ «ጣቴን ሳላነሳ ዘጋሁት» አላት። እሷም ቀና ብላ እኔን አየችኝ፣ ምንም አላለችም።

ከቆርቆሮው የራሱን እንዲመርጥ ያደረግኩት ከዚያ በኋላ ነው። ቀይዋን ይመርጣል ብዬ ነበር። ያነሳት ግን ከመርካቶ የመጣችውን፣ እጀታዋ ፕላስቲክ የሆነውን ነው። «ለምን?» አልኩት። «እሷን የሳልኳት እኔ ነኛ» አለኝ። የአባቴን ገና ለማንም አልሰጠሁም።

የገና ዋዜማ ልጄ ማድ ቤት ሽንኩርት ስትከትፍ ቆየችና ቢላዋን ይዛ ወደ ሳሎን መጣች። እኔ እጄን ዘረጋሁ። እሷ ግን አልፋኝ ሄዳ ልጁ ፊት ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው፤ እጇንም መለሰች። እሱ ድንጋዩን ውኃ ሊያርስ ተነሳ።