የተበተነ ፋይልና ኢሜይል በጤና ተቋም፦ አያያዙና አፈላለጉ

እንበል፣ በኮልፌ ቀራንዮ ክፍለ ከተማ በሚገኝ አንድ ጤና ጣቢያ ሳል ያልለቀቃቸው አንድ ታካሚ በድጋሚ ይመጣሉ። ከሁለት ወር ተኩል በፊት አክታቸው በጂንኤክስፐርት ተመርምሮ የቲቢ ባክቴሪያ አልተገኘበትም ነበር፤ ሆኖም ጥርጣሬው ስላልተወገደ ናሙናው ለካልቸር ምርመራ ወደ ሌላ ላቦራቶሪ ተልኳል። ካርድ ክፍሉ የታካሚውን ቁጥር አይቶ ማኅደራቸውን ከመደርደሪያ ለማውጣት ጥቂት ደቂቃ ይበቃዋል። በማኅደሩ ውስጥ ናሙናው የተላከበት ቀንና የላኪው ፊርማ አለ። ውጤቱ ግን የለም። ላቦራቶሪው ሲጠየቅ «ከሦስት ሳምንት በፊት በኢሜይል ልከናል» ይላል። መልእክቱ የሄደው ናሙናውን ወደ ላኩት ጤና መኮንን የግል አድራሻ ነው፤ እርሳቸው ደግሞ ከአንድ ወር በፊት ወደ ሌላ ወረዳ ተዛውረዋል።

ውጤቱ አልጠፋም። በአንድ ሰው የመልእክት ሳጥን ውስጥ ከባንክ ማስታወቂያና ከሥልጠና ጥሪ ጋር ተደባልቆ ተቀምጧል። ባክቴሪያው መኖሩ በተረጋገጠባቸው በእነዚያ ሦስት ሳምንታት ታካሚው ሕክምና ሳይጀምሩ ከቤተሰባቸው ጋር በአንድ ክፍል ሲያስሉ ከርመዋል ማለት ነው። እንዲህ ያለው ክፍተት በካልቸር ምርመራ ላይ በቀላሉ የሚፈጠረው በጠባዩ ነው። የጂንኤክስፐርት ውጤት በሁለት ሰዓት ውስጥ ስለሚደርስ ጠያቂውም ጥያቄውም በቦታቸው ናቸው። በፈሳሽ ማሳደጊያ የሚካሄድ ካልቸር ግን እስከ 42 ቀን፣ በጠጣር ማሳደጊያ የሚካሄደው ደግሞ እስከ ስምንት ሳምንት ይጠበቃል። በዚህ ጊዜ ውስጥ ተረኛው ይቀየራል፣ ስልክ ይጠፋል፣ ሰው ይዛወራል።

ማኅደሩ አንድ፣ ፋይሉ ብዙ

በአንድ ሕንፃ ውስጥ ሁለት የማስረጃ አያያዝ ሥርዓቶች ጎን ለጎን ይኖራሉ። በወረቀት ማኅደር በሚሠሩ ተቋማት የካርድ ክፍሉ ሥርዓት፣ ጉድለት ቢኖርበትም፣ ሕግ አለው። በኤሌክትሮኒክ መንገድ የሚመጣውና የሚሄደው ግን ብዙውን ጊዜ ሕግ የለውም። የሪፈራል መልስ በጂሜይል ይመጣል። ወርኃዊው የሥራ ሰንጠረዥ በጉግል ድራይቭ ይቀመጣል። የሥልጠና ሰነዱ አንድ ባልደረባ በከፈተው የድሮፕቦክስ ፎልደር ውስጥ ነው። የሕክምና መመሪያው አዲስ እትም በቴሌግራም ቡድን ይለቀቃል። የቁስል ፎቶግራፍ በስልክ ተነሥቶ፣ ስልኩ በራሱ ጊዜ ወደ ጉግል ፎቶዎች ይልከውና ከሠርግና ከክርስትና ፎቶ መካከል ይገባል።

ክላውድ የሚባለው አገልግሎት በጥሬው ሲታይ ሌላ ድርጅት በሚያስተዳድረው ኮምፒዩተር ላይ ቦታ ማግኘት ነው። እያንዳንዱ ድርጅት የራሱን ግቢ ብቻ ስለሚያውቅ የአንዱ የፍለጋ ሳጥን በሌላው ውስጥ ያለውን አያይም። በጂሜይል ውስጥ የተፈለገ ሰነድ በቴሌግራም ካለ መልሱ «ምንም አልተገኘም» ይሆናል፤ ፈላጊውም «አልተላከም» ብሎ ይደመድማል። ከሁሉም የከፋው ስሕተት ይኸው ነው።

ለዚህ ችግር በመጀመሪያ ወደ አእምሮ የሚመጣው መፍትሔ ሁሉንም በአንድ ቦታ መሰብሰብ ነው። ይሁን እንጂ ላቦራቶሪው፣ ጤና ቢሮውና አጋር ድርጅቱ በየራሳቸው መንገድ መላካቸውን አያቆሙም፤ ዛሬ የተሰበሰበው ከወር በኋላ ተመልሶ ይበተናል። የሚሻለውን ለማየት ካርድ ክፍል ራሱ ከምን እንደወጣ ማስታወስ ይጠቅማል።

በአሜሪካ በሚኒሶታ በሚገኘው ማዮ ክሊኒክ እስከ 20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ድረስ እያንዳንዱ ሐኪም የራሱ መዝገብ ነበረው። ሦስት ሐኪሞች ያዩት ታካሚ ታሪኩ በሦስት መዝገቦች ተከፋፍሎ ይቀር ነበር። እ.ኤ.አ. በ1907 ዶክተር ሄንሪ ፕለመር ለእያንዳንዱ ታካሚ አንድ ቁጥር ተሰጥቶ የሚመለከተው ወረቀት ሁሉ በአንድ ማኅደር እንዲገባ አደረጉ። በአገራችንም በ2000 ዓ.ም. ገደማ ጤና ጥበቃ ሚኒስቴር ያሻሻለው የጤና መረጃ ሥርዓት በየጤና ተቋሙ ሲዘረጋ በዚሁ መሠረተ ሐሳብ ላይ የቆመ ነበር፦ ለታካሚው አንድ ቁጥርና አንድ ማኅደር፣ ቁጥሩ ለተረሳ ደግሞ በስም ተራ የተደረደረ የማውጫ ካርድ፣ ማኅደሩ ከመደርደሪያ ሲወጣ በቦታው የሚገባ የመከታተያ ካርድ። ይህች የመከታተያ ካርድ የምትናቅ አይደለችም። ማኅደሩን ራሱን አትይዝም፤ የት እንደሄደ ብቻ ትናገራለች። የተበተኑት ፋይሎች የጎደላቸው ይህችኑ የምትመስል ነገር ናት።

ፎልደር ወይስ ፍለጋ?

ለኢሜይል እየተጠነቀቁ ብዙ ፎልደር መክፈት ያዋጣል ወይ የሚለው ጥያቄ ተጠንቷል። ስቲቭ ዊትከርና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ2011 ባቀረቡት ጥናት የ345 ተጠቃሚዎችን ከ85 ሺህ በላይ የመልእክት ፍለጋዎች መርምረው ነበር። መልእክቶቻቸውን በየፎልደሩ የሚያደራጁት ሰዎች ከማያደራጁት የተሻለ ውጤት አላገኙም፤ የፍለጋ ሳጥን የተጠቀሙት ግን ፈጥነው አግኝተዋል። ለፋይል ግን ነገሩ ይለያል። ኦፈር በርግማንና ባልደረቦቻቸው እንዳሳዩት ሰዎች የራሳቸውን ፋይል ሲፈልጉ ያስቀመጡበትን መንገድ ተከትለው መሄድን ይመርጣሉ። በመሆኑም ሥራ የበዛበት ጤና ባለሙያ አሮጌ ኢሜይሎችን በመደርደር የሚያጠፋው ቅዳሜ ከንቱ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም፤ ፋይሎችን በጥቂት ፎልደሮች መለየት ግን ይጠቅማል።

በጂሜይል ውስጥ ከፍለጋው ሳጥን ቀኝ ጫፍ ያለችው ምልክት ስትነካ አንድ ቅጽ ይከፈታል። የላኪውን ስም፣ በመልእክቱ ውስጥ ያለ ቃልን፣ የቀን ክልልንና አባሪ መኖር አለመኖሩን ለይቶ መጠየቅ ይቻላል። «ውጤት» ብሎ ብቻ የፈለገ ሰው በመቶ የሚቆጠር መልእክት ሲጎርፍለት፣ ላኪውንና አባሪውን የጠቀሰ ሰው ብዙውን ጊዜ በጣት የሚቆጠር ያገኛል።

እዚህ ላይ አማርኛ የራሱ ፈተና አለው። «ፀሐይ» የሚለውን ስም ብንወስድ የመጀመሪያው ፊደል በሁለት፣ ሁለተኛው ቢያንስ በስድስት መንገድ ሊጻፍ ስለሚችል አሥራ ሁለት ዓይነት አጻጻፍ ይወጣዋል። አንባቢ ሁሉንም አንድ አድርጎ ያነባል፤ ለኮምፒዩተር ግን እያንዳንዱ ፊደል የራሱ መለያ ቁጥር ያለው የተለየ ፊደል ነው። «ሥጋ ደዌ» ብሎ የጻፈውን ሰነድ «ስጋ ደዌ» ብሎ የሚፈልግ ሰው ላያገኘው ይችላል። «ሕክምና» እና «ህክምና»ም እንደዚሁ። ስም በላቲን ፊደል ሲጻፍ ችግሩ ይብሳል፤ መሐመድ የሚለው ስም በአንድ ወይም በሁለት «ኤም»፣ በ«ኦ» ወይም በ«ዩ» ይጻፋል። ከውጭ የመጡ ሥርዓቶች ደግሞ የመጨረሻውን ስም የቤተሰብ መጠሪያ አድርገው ስለሚቆጥሩ ታካሚው በአያቱ ስም ተራ ውስጥ ይገባል፤ ፈላጊው በራሱ ስም ይፈልገዋል።

የቀኑም ነገር ከዚህ አይተናነስም። በአንድ ሰነድ ላይ 02/03/2017 ተብሎ ቢጻፍ ኅዳር 2 ቀን 2017 ዓ.ም. ሊሆን ይችላል። በአውሮፓውያን አቆጣጠር ከሆነ ማርች 2፣ በአሜሪካ ልማድ ከሆነ ደግሞ ፌብሩዋሪ 3 ቀን 2017 ነው። በኢትዮጵያውና በሌሎቹ ንባቦች መካከል ከሰባት ዓመት ተኩል በላይ ልዩነት አለ። የመድኃኒት መጀመሪያ ቀን ሆኖ ሲገኝ ይህ ቀልድ አይደለም።

ከእነዚህ ሁሉ የሚያስጥለው ቁጥር ነው። ቁጥር ሞክሼ ፊደል የለውም። በመሆኑም ለሰነድ የሚሰጠው ስም ቀኑን ከዓመት ጀምሮ፣ ቀጥሎ የሰነዱን ዓይነት፣ በመጨረሻም የካርድ ቁጥሩን ቢይዝ መልካም ነው፦ ለምሳሌ «2017-03-02 ካልቸር 045213»። ዓመቱ ስለሚቀድም ፋይሎቹ በራሳቸው በጊዜ ቅደም ተከተል ይሰለፋሉ። ተቋሙ በአንድ የዘመን አቆጣጠር ብቻ መወሰን አለበት፤ የትኛውም ቢሆን ከመቀላቀል ይሻላል። የኢትዮጵያን የመረጠ ተቋም በጳጉሜን 13ኛ ወር ብሎ መጻፍ ይኖርበታል። ብዙ ፕሮግራሞች በቀን መሙያ ቦታ ላይ ይህን አይቀበሉም፤ በፋይል ስም ላይ ግን ማንም አይከለክልም። ላቦራቶሪዎችም የካርድ ቁጥሩን በመልእክቱ ርእስ ላይ እንዲጽፉ ቢጠየቁ ወጪ የለውም። የታካሚው ስም በርእሱም በፋይሉ ስምም ላይ ባይገኝ ይመረጣል፤ ሁለቱም ስልኩ ተቆልፎ ሳለ እንኳ በመስተዋቱ ላይ ብቅ ሊሉ ይችላሉና።

የሚጠበቅ ውጤት መዝገብ

ከላይ ለተጠቀሱት ታካሚ ከሁሉ በላይ የሚጠቅማቸው አንድ ደብተር ነው። ወረቀት ሊሆን ይችላል፣ በጋራ የሚከፈት የኤሌክትሮኒክ ሰንጠረዥም ሊሆን ይችላል። የካርድ ቁጥር፣ የተላከው ናሙና ወይም ሪፈራል፣ የተላከበት ቀን፣ መልስ የሚጠበቅበት የመጨረሻ ቀን፣ መልሱ የደረሰበትና የተቀመጠበት ቦታ ይጻፍበታል። የመጨረሻው ዓምድ የመከታተያ ካርዷን ሥራ ይሠራል፤ «ጂሜይል፣ የቲቢ ክፍል አድራሻ» ወይም «ታትሞ ማኅደሩ ውስጥ ገብቷል» ይላል። በየሳምንቱ አንድ ቀን ተመድቦ ቀኑ አልፎ ባዶ የቀረው መስመር ሲታይ ላቦራቶሪው ይደወልለታል። እንዲህ ሲሆን ታካሚው ተመልሰው እስኪመጡ አይጠበቅም።

አድራሻው የክፍሉ እንጂ የግለሰብ መሆን የለበትም። ሆኖም አንድ የታወቀ ወጥመድ አለ። አድራሻውን የከፈተው ባለሙያ የማረጋገጫ ቁጥር የሚላክበትን ስልክ የራሱን ያስመዘግባል፤ እርሱ ሲለቅ ክፍሉ ከራሱ የመልእክት ሳጥን ውጭ ተቆልፎ ይቀራል። የተቋሙ ስልክ ቢመዘገብና ኃላፊነቱ ለሁለት ሰዎች በጽሑፍ ቢሰጥ ይህ ይቀራል።

ምስጢርና ዕድሜ

ማስረጃን በቀላሉ ማግኘት ሌላው ሰውም በቀላሉ ያገኘዋል ማለት እንዳይሆን መጠንቀቅ ያሻል። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 የጤና መረጃን ልዩ ጥበቃ ከሚያስፈልጋቸው መረጃዎች መካከል መድቦታል። የታካሚ ራጅ ስሙ ሳይሸፈን ለምክክር በቴሌግራም ቡድን ሲለቀቅ የቡድኑ አባላት ሁሉ ቅጂ ሊይዙ ይችላሉ። የቴሌግራም የቡድን ውይይት ከላኪ እስከ ተቀባይ የተመሰጠረ አይደለም። ምክክሩ ጠቃሚ ነው፤ ማንም ይቅር አይልም። ስም፣ ፊትና የካርድ ቁጥር ግን ከምስሉ ላይ ሊነሡ ይችላሉ፣ ምስሉም ወደ ማኅደሩ ከገባ በኋላ ከስልክና ከፎቶ ማከማቻው ሊሰረዝ ይገባል።

ዕድሜን በተመለከተ በዚሁ በኮልፌ ቀራንዮ፣ ዘነበወርቅ አካባቢ፣ ጥሩ ማስተማሪያ አለ። እ.ኤ.አ. በ1965 የተቋቋመው የአለርት ማዕከልና በዚያው ግቢ ያለው የአርማወር ሐንሰን የምርምር ኢንስቲትዩት ሥራቸው የጀመረው ከሥጋ ደዌ ነው። የዚህ በሽታ ምልክት ከተያዙ በኋላ በአማካይ በአምስት ዓመት፣ አንዳንዴም ከሃያ ዓመት በላይ ቆይቶ ይታያል። የመድኃኒቱ ኮርስ ከተጠናቀቀ ከዓመታት በኋላ ሕመሙ ሊያገረሽ ይችላል። ያን ጊዜ የሚፈለገው የአሮጌው ማኅደር ወረቀት ነው። በአንጻሩ ጉግል ለሁለት ዓመት ያልተከፈተን የግል አካውንት ከነይዘቱ ሊሰርዝ እንደሚችል እ.ኤ.አ. በ2023 አስታውቋል። ከጂሜይልም ሆነ ከድራይቭ የተጣለ ነገር በቅርጫቱ ውስጥ የሚቆየው 30 ቀን ነው። ስልክና ኮምፒዩተር ተጣምረው ሲሠሩ ደግሞ ከአንዱ የተሰረዘው ከሌላውም ይሄዳል፤ ማጣመር መጠባበቂያ ቅጂ መያዝ አይደለም።

ከሰኔ 23 ቀን 2012 ዓ.ም. ጀምሮ ኢንተርኔት በመላ አገሪቱ ለሦስት ሳምንታት ያህል ተቋርጦ እንደነበር የሚያስታውስ ሰው የሕክምና መመሪያውንና የሚጠበቅ ውጤት መዝገቡን በክላውድ ላይ ብቻ አያስቀምጥም። በይለፍ ቃል በተቆለፈ የተቋሙ ኮምፒዩተር ላይ አንድ ቅጂ፣ ለታካሚ ሕክምና ወሳኝ የሆነው ውጤት ደግሞ ታትሞ በማኅደሩ ውስጥ ቢኖር መብራት ቢጠፋም ይነበባል።

ይህን ለመጀመር ያለፉትን ዓመታት ፋይሎች ማስተካከል አያስፈልግም። ዛሬ መልስ የሚጠበቅባቸውን ናሙናዎችና ሪፈራሎች ብቻ ከየባለሙያው ስልክ አሰባስቦ በመዝገቡ ላይ ማስፈር አንድ ከሰዓት በኋላ ይበቃዋል። አንድ ባለሙያ ሲዛወርም ከሚያስረክበው ንብረት ዝርዝር ጋር አንድ ተጨማሪ ወረቀት ይያያዛል፦ በስሙ የተላኩና መልሳቸው ያልመጣ ምርመራዎች፣ የሚላኩበት አድራሻ፣ ተረካቢው ባለሙያ፣ የሁለቱም ፊርማ።