ስድስት ዓመት የሚፈጅ ዲግሪ

በብሪታኒያው ኦፕን ዩኒቨርሲቲ የመጀመሪያ ዲግሪ 360 ክሬዲት ነው። ሙሉ ጊዜውን ለትምህርት የሰጠ ሰው በዓመት 120 እየወሰደ በሦስት ዓመት ይጨርሰዋል። ሥራ የሚሠራና ልጅ የሚያሳድግ ደግሞ በዓመት 60 እየወሰደ ስድስት ዓመት ይማራል። ዩኒቨርሲቲው ሲቋቋም በዋናነት የታሰበው ለዚህ ለሁለተኛው ሰው ነበር።

ሐሳቡን በ1963 ለሕዝብ ያቀረቡት የሌበር ፓርቲ መሪ የነበሩት ሃሮልድ ዊልሰን ናቸው (ዓመታቱ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ጠቅላይ ሚኒስትር ሲሆኑ ጉዳዩን ለጄኒ ሊ አደራ ሰጧቸው። የስኮትላንድ የከሰል ማዕድን ሠራተኛ ልጅ የሆኑት ጄኒ ሊ፣ አዲሱ ተቋም ከሌሎቹ ዩኒቨርሲቲዎች ያነሰ ደረጃ እንዳይኖረው አጥብቀው ተከራከሩ። ተቋሙ በ1969 ቻርተሩን አግኝቶ በ1971 ማስተማር ጀመረ። የመግቢያ ውጤት አልጠየቀም። መጽሐፉ በፖስታ፣ ትምህርቱ በቢቢሲ ቴሌቪዥንና ራዲዮ ይደርስ ነበር፤ የሳይንስ ተማሪማ የመሞከሪያ ዕቃው ሳይቀር ቤቱ ይላክለት ነበር። ዛሬ አብዛኛው ነገር በኢንተርኔት ነው። መለስ ዜናዊም በ1995 በቢዝነስ አስተዳደር ማስተርሳቸውን ያገኙት አገር እየመሩ ከዚሁ ዩኒቨርሲቲ ነበር።

እዚህ መግባት ቀላል ነው፤ የሚከብደው መጨረስ ነው። ስለዚህ ተማሪው ከመመዝገቡ በፊት ሊሠራው የሚገባ ሒሳብ አለ። አንድ ክሬዲት ወደ 10 ሰዓት ሥራ ማለት ነው፤ ንባቡም፣ ቪዲዮውም፣ አሳይንመንቱም፣ የፈተና ዝግጅቱም በዚያ ውስጥ ይቆጠራሉ። 60 ክሬዲት እንግዲህ 600 ሰዓት ነው። ከኦክቶበር እስከ ጁን ሲከፋፈል በሳምንት ከ16 እስከ 18 ሰዓት ይደርሳል። 120 ከወሰዱ እጥፍ ይሆናል፤ ይህ ደግሞ ከመደበኛ የሥራ ሳምንት ብዙም አይተናነስም። ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ አይወጣም።

ሰዓቱን መቁጠር ያለብን ከምኞት ሳይሆን ካለፈው ሳምንት ነው። ማክሰኞና ሐሙስ ማታ ሁለት ሁለት ሰዓት፣ ቅዳሜ ጠዋት አራት ሰዓት የሚያገኝ ሰው በሳምንት ስምንት ሰዓት አለው። ይህ ለ30 ክሬዲት ያህል ይበቃል፤ ለ60 አይበቃም።

ብዙ ዕቅድ የሚፈርሰው ግን አማካዩን አይቶ ከባዱን ሳምንት ባለማየት ነው። በአንድ ወቅት የተጀመሩ ሁለት ሞጁሎች (ዲግሪው የተከፋፈለባቸው ኮርሶች) የአሳይንመንት ማስረከቢያቸው ሊገጣጠም ይችላል፤ ያኔ 16 የነበረው ሰዓት 25 ሊሆን ይችላል። ስለዚህ የሁለቱንም ቀናት በአንድ ካሌንደር ላይ አስፍሮ ማየት ይበጃል። ለሐበሻ ተማሪ ደግሞ ሌላም የሚመዘገብ አለ፦ ገና፣ ጥምቀት፣ ዓቢይ ጾምና ፋሲካ ሁሉም የሚውሉት በዚያው የትምህርት ዘመን ውስጥ ነው። በፋሲካ ዋዜማ ቤት ውስጥ ምን ያህል ሥራ እንዳለ የሚያውቅ ሰው ያንን ሳምንት ባዶ አድርጎ ይተወዋል። በቂ ምክንያት ሲኖር አስተማሪው ለአሳይንመንት ተጨማሪ ቀን ሊሰጥ ይችላል፤ ነገር ግን የተገፋው ሥራ የሚቀጥለውን ይጫነዋል። የመጨረሻው ምዘና ደግሞ እንዲህ በቀላሉ አይገፋም።

ለጀማሪ የሚመቸው መንገድ በ30 ክሬዲት መጀመር ነው። የመጀመሪያዎቹ 120 ክሬዲቶች በአብዛኛው ማለፍን እንጂ ከፍተኛ ነጥብን አይጠይቁም፤ በዲግሪው ማዕረግ ስሌት ውስጥ አይገቡምና አቅምን ለመለካት ጥሩ ጊዜ ናቸው። መንገድ ላይ ማቆምም ባዶ እጅ አያስቀርም፤ 120 ክሬዲት የከፍተኛ ትምህርት ሰርተፊኬት፣ 240 ደግሞ ዲፕሎማ ያሰጣል። 30 ወስዶ ጊዜ የተረፈው ሰው በሚቀጥለው ዓመት ወደ 60 ማሳደግ ይችላል። 120 ወስዶ መሐል ላይ የተወው ግን ከሰዓቱ ሌላ የከፈለውንም ገንዘብ ሊያጣ ይችላል።