ትንሽ አውቶሞቢል ወይስ ከፍ ያለ መኪና?

የኡጋንዳ ዋና ከተማ ካምፓላ ከቪክቶሪያ ሐይቅ በስተ ሰሜን በብዙ ኮረብታዎች ላይ የተሠራች ከተማ ናት። በደቡብ ምሥራቅ በኩል ወደ ጋባ በሚወስደው ጎዳና ላይ ካባላጋላ የተባለው ሰፈር ይገኛል። በዚህ ሰፈርና በአካባቢው በርካታ ኢትዮጵያውያንና ኤርትራውያን ይኖራሉ። ከእነርሱ አንዱ ገንዘብ አጠራቅሞ መኪና ለመግዛት ሲነሣ፣ «ትንሽ አውቶሞቢል ይሻላል ወይስ ኤስ ዩ ቪ ከሚባሉት ከፍ ያሉ መኪናዎች አነስተኛው?» የሚል ጥያቄ ይገጥመዋል።

ወደ ኡጋንዳ ከሚገቡት መኪናዎች አብዛኞቹ በጃፓን አገር ያገለገሉ ናቸው። በሁለቱም አገሮች የሚነዳው መንገዱን በግራ ይዞ ስለሆነ መሪያቸው በስተ ቀኝ ነው። እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣው ሕግ ግን ከተሠሩ 15 ዓመትና ከዚያ በላይ የሆናቸው መኪናዎች ወደ አገሪቱ እንዳይገቡ ከልክሏል።

ለማነጻጸር ያህል ሁለት የቶዮታ ሥራዎችን እንውሰድ። እ.ኤ.አ. በ1999 የወጣው የመጀመሪያው ቪትዝ ርዝመቱ 3 ሜትር ከ60 ያህል ሲሆን፣ አነስተኛው ሞተሩ የ1 ሊትር ነው፤ ክብደቱም 1 ቶን አይሞላም። እ.ኤ.አ. በ1994 የወጣው ራቭ ፎር ግን የ2 ሊትር ሞተር ያለው ሲሆን ክብደቱ ከ1 ቶን በላይ ነው።

ይህ ልዩነት በተጨናነቀ ጎዳና ላይ ጎልቶ ይታያል። ታክሲዎችና ቦዳ ቦዳ የተባሉት ሞተር ብስክሌቶች በሚተራመሱበት መንገድ መኪና ደጋግሞ ይቆማል፤ ደጋግሞም ይነሣል። ከባድን ነገር ከቆመበት ለማንቀሳቀስ ብዙ ኃይል ያስፈልጋል፤ ፍሬን በተያዘ ቁጥር ያ ኃይል ወደ ሙቀት ተለውጦ ይባክናል። ስለዚህ ትንሹ አውቶሞቢል ነዳጅ ይቆጥባል፤ በጠባብ ስፍራም በቀላሉ ይቆማል።

ይሁን እንጂ ከዋናው ጎዳና ወጥተን ወደ ሙዬንጋ ኮረብታ በሚያወጡት አስፋልት ባልለበሱ መንገዶች ስንጓዝ ፍርዱ ይለወጣል። ከመጋቢት እስከ ግንቦት፣ እንዲሁም ከመስከረም እስከ ኅዳር የሚዘንበው ዝናብ ቀዩን አፈር ይቦረቡራል። በዚህ ጊዜ የትንሹ አውቶሞቢል ሆድ ከድንጋይ ጋር ይጋጫል። የዘይት መያዣው ተቀዶ ዘይቱ ሲፈስ ባለቤቱ ሳያውቅ መንዳቱን ከቀጠለ ሞተሩ ይቃጠላል፤ በነዳጅ የቆጠበውም ገንዘብ በአንድ ቀን ይጠፋል። ከፍ ያለው መኪና ግን ድንጋዩን ሳይነካ ያልፋል።

ነገር ግን ከፍታ ሁሉን ቻይነት አይደለም። ከእነዚህ መኪናዎች ብዙዎቹ የሚጎተቱት በፊት ጎማዎቻቸው ብቻ ስለሆነ በጭቃ ላይ እንደ ትንሾቹ ይንሸራተታሉ። ቁመታቸውም በፍጥነት ሲታጠፉ ለመገልበጥ ያጋልጣቸዋል። ጎርፍ ደግሞ ከፍ ያለውንም ዝቅ ያለውንም ጠርጎ ይወስዳል፤ ስለዚህ አስተዋይ ነጂ ውኃው እስኪጎድል ይታገሣል።

በመሆኑም ገዢው መኪናውን ከመምረጡ በፊት መንገዱን ይመርምር። ከቤቱ ደጅ እስከ ሥራው አስፋልት የሆነለት ሰው ትንሹ ይበቃዋል፤ በዝናብ ወራት የተቦረቦረ ዳገት በየቀኑ የሚወጣ ግን ለከፍታው የሚጨምረው ገንዘብ አያስቆጨውም። ለጎረቤት ዓይን ሲባል የተገዛ መኪና ግን፣ ትንሽም ይሁን ትልቅ፣ ዕዳው የሚተርፈው ለባለቤቱ ነው።