ከውኃው ሳይሆን ከጥጡ እንጀምር

ስለ ማጂ ማጂ አመፅ ስናስተምር «ጥይቱ ውኃ ይሆናል ብለው ያምኑ ነበር» ካልን ክፍሉ በሳቅ ይሞላል። ጥፋቱ የተማሪው አይደለም፤ ከውኃው የጀመርነው እኛ ነን። እስቲ ከጥጡ እንጀምር።

የዛሬዋ ታንዛኒያ ዋና ምድር ያን ጊዜ በጀርመን ቅኝ አገዛዝ ሥር ነበረች። ገዥው ፎን ጌትሰን ሕዝቡ ለውጭ ገበያ ጥጥ እንዲያመርት አስገደደ። ገበሬው የራሱን ማሳ ትቶ በአለቆች ጅራፍ ሥር ጥጥ ይኮተኩታል፤ በዚያ ላይ ግብር አለበት። በሐምሌ 1905 (እ.ኤ.አ.) በማቱምቢ ኮረብታዎች የናንዴቴ ሰዎች ጥጡን ነቀሉት። አመፁ ተጀመረ።

ውኃውስ? «ማጂ» በስዋሂሊ ውኃ ማለት ነው። የንጋራምቤው ኪንጂኪቲሌ ንግዋሌ የሰጠውን ውኃ የተረጨ ሰው ጥይት አይነካውም ይባል ነበር። ጥይትማ ነካው፤ በነሐሴ ማሄንጌ ላይ መትረየስ ብዙ ሰው ፈጀ። ኪንጂኪቲሌንም ጀርመኖች ገና በመጀመሪያው ሰቀሉት። ነገር ግን ቋንቋቸውና አለቃቸው የተለያየ ብዙ ነገዶች በአንድነት የተነሡት በዚያው ውኃ ነው።

ታዲያ ሚስዮኖች ለምን ተጠቁ? በነሐሴ 1905 ጳጳሱ ካሲያን ሽፒስ ከአራት ባልደረቦቻቸው ጋር ተገደሉ፤ ሁለቱ ሴት መነኮሳት ነበሩ። የፔራሚሆ ሚስዮንም ተቃጠለ። ጥጥ ያስገደደው መንግሥት እንጂ ሚስዮን አልነበረም። ዳሩ ግን ሁለቱም ከአንድ አገር የመጡ ናቸው፤ በሶንጌያ አካባቢም አንድ ሚስዮናዊ የአገሬውን የአምልኮ ጎጆ አቃጥሎ ነበር። ለአገሬው ሁለቱ የአንድ ቤት ሰዎች መስለው ታዩት። ይህን ስንል ግድያውን ማመስገናችን አይደለም፤ ምክንያቱን ማወቅና ሥራውን ማጽደቅ ለየቅል ናቸው።

ጀርመኖች በመጨረሻ የያዙት መሣሪያ ረኃብ ነበር። ማሳውንና ጎተራውን አቃጠሉ። እስከ 1907 ያለቀውን ሕዝብ አንዳንድ የታሪክ ሰዎች ከ250,000 እስከ 300,000 ይገምቱታል፤ አብዛኛው በረኃብ ነው። በ1968 የዳሬሰላም ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች በየመንደሩ እየዞሩ ይህን ታሪክ ከሽማግሌዎች አፍ መሰብሰብ ጀመሩ። በ2023 ደግሞ የጀርመኑ ፕሬዚዳንት ሽታይንማየር ሶንጌያ ድረስ ሄደው ይቅርታ ጠየቁ።

እንግዲህ እጩ መምህራን፣ ነገ ክፍል ስንገባ ጥጡንና ጅራፉን እናስቀድም። ያን የሰማ ተማሪ ውኃው ላይ ሲደርስ አይስቅም፤ ይጠይቃል።