ታራንቱላ ስለምትባለው ሸረሪት አመራረጥና አጠባበቅ

በቤት ውስጥ ውሻና ድመት ማሳደግ የተለመደ ነው፤ ሸረሪትን በመስታወት ሣጥን አኑሮ መመገብ ግን ብዙ ሰው ያስደነግጣል። ይሁን እንጂ በአውሮፓና በአሜሪካ ይህን የሚያደርጉ ብዙዎች ናቸው። ስለዚህ ልጆቻቸው እንዲህ ያለውን እንስሳ ግዙልን እያሉ ለሚለምኗቸው ወላጆች የሚረዳ ጥቂት ቃል ልንጽፍ ወደድን።

ስሟ የወጣው በደቡብ ኢጣልያ ከምትገኘው ከታራንቶ ከተማ ነው። የዚያ አገር ሰዎች በጥንት ዘመን ሸረሪት የነደፈው ሰው በጭፈራ ይድናል ይሉ ነበር። ዛሬ በዚህ ስም የምትጠራው ጠጉራም ሸረሪት ግን ከዚያችኛዪቱ ሌላ ናት።

ለጀማሪ የምትስማማው ጉልበቷ ቀይ የሆነው የሜክሲኮ ታራንቱላ ናት፤ ጠባይዋ የረጋ ነውና። የአፍሪካና የእስያ ዘሮች ፈጣኖች፥ መርዛቸውም የበረታ ስለ ሆነ ላልለመደ ሰው አይበጁም። የሜክሲኮዪቱም ብትሆን ስትቈጣ በኋላ እግሯ የሆዷን ጠጉር እየፋቀች ትበትናለች፤ ጠጉሩም ቆዳን ያሳክካል፥ ዐይን ውስጥ ከገባ ደግሞ ብርቱ ሕመም ያመጣል። ሣጥኑን የሚያጸዳ ሰው ፊቱን አያቅርብ፥ እጁንም ሳይታጠብ ዐይኑን አይንካ።

የሚገዛ ሰው በሰው እጅ የተፈለፈለች መሆኗን አስቀድሞ ይጠይቅ። ከዱር በብዛት እየተያዘች ትሸጥ ስለ ነበር፥ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1985 ዓ.ም. የዱር አራዊትን ንግድ በሚመለከተው የመንግሥታት ውል ውስጥ ገብታ ከአገር ወደ አገር የምትሸጠው በፈቃድ ብቻ እንዲሆን ተደረገ። ሴት መሆኗንም ይመርምር፤ ሴቲቱ 20 ዓመትና ከዚያም በላይ ስትኖር፥ ወንዱ ለአካለ መጠን ከደረሰ በኋላ ብዙ አይቈይም። የ10 ዓመት ልጅ ዛሬ ቢቀበላት፥ ትዳር በሚይዝበት ጊዜም በሕይወት ልትገኝ ትችላለችና አባት ይህን አስቦ ይፍቀድ።

ሣጥኑ ረጅም መሆን የለበትም፤ ከፍ ካለ ቦታ ከወደቀች ሆዷ ተቀዶ ትሞታለች። በእጅ ይዞ ማጫወትንም የማንወደው ስለዚህ ነው። ተባይ ማጥፊያ ያልነካው አፈር፥ መሸሸጊያ ጒድጓድና በዝርግ ሳሕን ውሃ ይበቃታል። ምግቧ ከሆዷ የማይበልጥ ፌንጣ ወይም በረሮ ነው፤ በሳምንት አንድ ጊዜ ያህል ይሰጣታል።

ከሁሉ ይልቅ የሚያሳስበን ቆዳዋን የምትለውጥበት ጊዜ ነው። አስቀድማ ሳምንታት ያህል ምግብ ትተዋለች፤ በኋላም በጀርባዋ ተንጋልላ ለብዙ ሰዓት ዝም ትላለች። ይህን የማያውቅ ሰው ሞታለች ብሎ በሕይወት ሳለች ይጥላታል፥ ወይም ልርዳት ብሎ ሲነካት ያቈስላታል። ሳይነኩ መተው ነው። የሞተችስ እንደ ሆነ አብዛኛውን ጊዜ እግሮቿን ወደ ሆዷ ሰብስባ ነው እንጂ በጀርባዋ ተንጋልላ አይደለም።

ስትነሣም ጥርሷ ነጭና ለስላሳ ስለ ሆነ፥ እስኪጠቍር ሁለት ሳምንት ያህል አትመገብ፤ በሣጥኑ የቀረ ፌንጣ ካለ ይውጣ፥ ያለዚያ እርሱ ራሱ ያኝካታል። የጣለችውን ቆዳ ግን አትጣሉት፤ በማጉያ መስታወት ውስጡን ሲመለከቱት ሴት ወይም ወንድ መሆኗ የሚታወቀው በእርሱ ነው።