ኩላሊት የሚሆነውን ሕዋስ ስለ ማዘዝ

የሰው አካል ከአንድ ሕዋስ እንደሚጀምር በባዮሎጂ ትምህርት ተምረናል። እኔን ያስደነቀኝ ግን መብዛቱ ሳይሆን መለያየቱ ነው። የአጥንቱም፥ የነርቩም፥ የኩላሊቱም ሕዋስ የያዘው ዘር አንድ ሆኖ ሳለ ሥራቸው ስለ ምን ተለያየ?

ሥራው ገና ያልተለየለት፥ እየተከፈለ ሌላ ዓይነት ሕዋስ ለመሆን የሚችለው ግንደ ሕዋስ ይባላል። ጃፓናዊው ሺንያ ያማናካ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ2006 በአይጥ፥ በ2007 ደግሞ በሰው፥ ሥራ የያዘ የቆዳ ሕዋስ በአራት ጂኖች አማካይነት ወደዚህ ሁኔታ ሊመለስ እንደሚችል አሳይቷል። በ2012ም የኖቤል ሽልማት ተካፋይ ሆኗል።

እንግዲህ ጭንቁ ሕዋሱን ማዘዙ ነው። ሕዋስ የሚታዘዘው በሚነካው ነገርና በሚቆምበት ስፍራ ነው። ከአንኮበር ወደ አሊዩ አምባ የሚወርድ መንገደኛ ላይ ገብስ፥ ታች ማሽላ ቢያይ አይገረምም፤ ምድሩና አየሩ ይለያያልና። (ምሳሌዬ ሙሉ አይደለም፤ ገብስና ማሽላ ዘራቸውም ልዩ ነው።) በ2006 በአሜሪካ በተደረገ ሙከራ ከአጥንት መቅኒ የተወሰዱ የሰው ግንደ ሕዋሳት በለስላሳ ንጣፍ ላይ ሲቀመጡ ወደ ነርቭ፥ ጠንከር ባለው ላይ ወደ ጡንቻ፥ ይበልጥ በጠነከረው ላይ ወደ አጥንት አዘነበሉ። በ2014 ደግሞ በትንሽ ክብ ስፍራ ብቻ እንዲሰፍሩ የተደረጉ ሕዋሳት አንድ ፕሮቲን ሲጨመርባቸው ማንም ሳያሰልፋቸው በቀለበት በቀለበት ተደረደሩ፤ የዳሩና የመካከሉም ዓይነት ተለየ።

ይህ ለእኛ ምን ይረባናል የሚል ወላጅ ይኖር ይሆናል። በአገራችን የኩላሊት ንቅለ ተከላ በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል በ2015 ተጀምሯል። ነገር ግን አንዱ እንዲድን ሌላው፥ እናትም ትሁን ወንድም፥ ከሁለቱ ኩላሊት አንዱን መስጠት አለበት።

በዚያው ዓመት በአውስትራሊያ ሜሊሳ ሊትልና ሚኖሩ ታካሳቶ ከባልደረቦቻቸው ጋር ከሰው ግንደ ሕዋስ ኩላሊት መሳይ ቁራጭ አበቀሉ። በዚህ ሥራ ቍልፉ የቀን ቍጥር ነበር። የመጀመሪያው ኬሚካል በሕዋሳቱ ላይ ጥቂት ቀን ብቻ ሲቆይ ሽንት ሰብሳቢውን ቧንቧ ወደሚያወጣው ወገን፥ ሲረዝም ደግሞ ደም አጣሪውን ወደሚያወጣው ወገን ያደላሉ። ከዚያ በአንድነት ሲከመሩ ሁለቱ ወገኖች እርስ በርሳቸው ተቀናጁ።

ቁራጯ በማደግ ላይ ያለ የፅንስ ኩላሊት ትመስላለች እንጂ ለበሽተኛ የምትተከል አይደለችም። ደም የሚያመላልስላት ሙሉ ሥርም ሆነ ሽንት የሚወጣበት መንገድ የላትም፤ ሥራው ያልተለየለት ሕዋስ በውስጧ ቢቀርም ዕጢ ሊሆን ይችላል። ለመድኃኒት ምርመራ ግን አገልግላለች፤ ሲስፕላቲን የተባለው የካንሰር መድኃኒት የኩላሊትን ቧንቧ ሕዋሳት እንደሚጎዳ በዚያው ጥናት በእርሷ ላይ ታይቷል።